ያልተገጠመው ማቀዝቀዣ፦ ለአረንጓዴ ሕንፃ ማረጋገጫ የሚሠራ የኃይል ሞዴል በደጋ ከተማ ምን ይለካል?

መግቢያ

አንድ ሕንፃ የአረንጓዴ ሕንፃ ማረጋገጫ አግኝቶ «24 በመቶ የኃይል ቁጠባ» ተብሎ ሲጻፍለት፣ ተመራማሪ በቅድሚያ ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ «ከምን አንጻር?» የሚል ነው። ካለፈው ዓመት የመብራት ሒሳብ አንጻር ሊሆን አይችልም፤ ስሌቱ ሲሠራ ሕንፃው ገና በወረቀት ላይ ነበርና። ከጎረቤት ሕንፃ አንጻርም አይደለም። ቁጠባው የሚለካው በኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ካለ፣ ማንም ሊገነባው ካላሰበ ሌላ ሕንፃ አንጻር ነው። ይህ ምናባዊ ሕንፃ በዚህ ጽሑፍ «መነሻ ሕንፃ» ይባላል፤ ሊገነባ የታሰበው ደግሞ «የታቀደው ሕንፃ» ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ንጽጽሩ እንዴት እንደሚሠራና ውጤቱ እንዴት መነበብ እንዳለበት ማብራራት ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። ለማረጋገጫ የሚሠራ የኃይል ሞዴል የፍጆታ ትንበያ ሳይሆን በደንብ የታሰረ ንጽጽር ነው። ደንቡ የተቀረጸው ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የተለመደ የሕንፃ አካል በሆኑበት አካባቢ በመሆኑ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ ያለ ማቀዝቀዣ በምቾት የሚሠራ ሕንፃ ዋነኛ ብልጫውን በነጥብ መልክ ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ይህም የውጤት አሰጣጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነጥብ የዲዛይን ውሳኔን ይመራል፤ የሚከፈት መስኮት እንዲቀር፣ በምትኩ የታሸገ መስታወትና ጥሩ ማቀዝቀዣ እንዲገባ የሚገፋ ደንብ የከተማን መልክና የኃይል ፍላጎት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይወስናል።

የስሌቱ አሠራር

የሕንፃ የኃይል ሞዴል በመሠረቱ የሙቀት ሚዛን ስሌት ነው። ሕንፃው ተመሳሳይ ጠባይ ባላቸው ክፍላተ ቦታ ይከፈላል። ለእያንዳንዱ ክፍል በግድግዳ፣ በጣሪያና በመስታወት የሚያልፈው ሙቀት፣ የፀሐይ ጨረር፣ ሰዎች፣ መብራቶችና መሣሪያዎች የሚያመነጩት ሙቀት፣ እንዲሁም በአየር ዝውውር የሚገባና የሚወጣው ሙቀት ይደመራል። ይህ ስሌት በዓመቱ ውስጥ ላሉት 8,760 ሰዓታት ይደጋገማል፤ ብዙ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ሰዓት እንደገና ወደ አነስተኛ ደረጃዎች ይከፋፍሉታል። ከሚታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ የሆነው ኢነርጂፕላስ በአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ድጋፍ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ ብላስት እና ዶኢ-2 የተባሉ ሁለት ቀደምት ፕሮግራሞችን ልምድ ያጣመረ ነው።

ስሌቱ የሚመገበው መረጃ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ስለ ሕንፃው የሚታወቀው ነው፦ ቅርጹ፣ አቅጣጫው፣ የግንባታ ቁሳቁሱ፣ የመስታወቱ ስፋትና ጠባይ። ሁለተኛው ስለ አጠቃቀሙ የሚገመተው ነው፦ ስንት ሰው በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ስንት ኮምፒውተር እንደሚበራ፣ መብራት መቼ እንደሚጠፋ። ሦስተኛው የአየር ጠባይ ፋይል ነው። ፋይሉ የአንድ የተወሰነ ዓመት መዝገብ አይደለም፤ ከብዙ ዓመታት ልኬት ውስጥ ለየወሩ ዓይነተኛ የሆነው ወር እየተመረጠ የሚገጣጠም «ዓይነተኛ ዓመት» ነው። ብዙውን ጊዜ መረጃው የሚሰበሰበው በአውሮፕላን ማረፊያ ካለ ጣቢያ ስለሆነ፣ በአስፋልትና በሕንፃ የታጨቀን የከተማ መሐል ሙቀት በትክክል አይወክልም። ያለፉ ዓመታት ስብስብ በመሆኑም ስለሚመጣው ሙቀት የሚናገረው ነገር የለም።

በአዲስ አበባ ላይ ሞዴል የሚሠራ ተመራማሪ ሁለት አካባቢያዊ ነገሮችን ማስተዋል ይኖርበታል። አንደኛው ከፍታ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ በግምት 2,350 ሜትር ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ወደ 76 ኪሎፓስካል፣ ማለትም የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ በዚያው መጠን ስስ ስለሆነ ተመሳሳይ ይዘት ያለው አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ በመስኮት በሚገባ አየር ከባሕር ጠለል ጋር እኩል ሙቀት ለማስወጣት በይዘት አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ አየር ያስፈልጋል። በሞዴሉ ውስጥ ከፍታው ወደ ዜሮ ተጠግቶ ቢቀር፣ የተፈጥሯዊ አየር ዝውውር አቅም ከእውነታው በላይ ተጋንኖ ይወጣል።

ሁለተኛው የፀሐይ አቅጣጫ ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በመሆኗ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰኔ ወር ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወር ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በሁለቱም ጊዜ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የሰሜንና የደቡብ መስኮቶችን አጭር አግድም ጥላ ይከላከልላቸዋል። ዝቅ ብላ የምትመታቸውን የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ግን በአግድም ጥላ መከላከል አይቻልም። እንዲሁም ሞቃቱ ወቅት በየካቲትና በግንቦት መካከል እንጂ በክረምቱ ዝናብና ደመና ጊዜ አይደለም። የሐምሌንና የነሐሴን ወር «በጋ» አድርጎ የሚወስድ፣ ከሌላ አገር የተቀዳ የአጠቃቀም ሠሌዳ በዚህ ከተማ የተሳሳተ ውጤት ያስከትላል።

መነሻ ሕንፃው እንዴት ይሠራል?

የአረንጓዴ ሕንፃ ማረጋገጫ ሥርዓቶች ረጅም ዕድሜ የላቸውም። በብሪታንያ የተጀመረው ብሪያም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የአሜሪካ አረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት ያዘጋጀው ሊድ እ.ኤ.አ. በ1998 በሙከራ ተጀምሮ በ2000 በሰፊው ሥራ ላይ ዋለ። በሊድ አራተኛ ዕትም ከጠቅላላው 110 ነጥብ ውስጥ 40 ያገኘ ሕንፃ ይረጋገጣል፤ 50 ብር፣ 60 ወርቅ፣ 80 ደግሞ ፕላቲነም ያሰጣል። ለአዲስ ግንባታ ለኃይል ቁጠባ ብቻ እስከ 18 ነጥብ ይሰጣል። ከአንድ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ለማለፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚበቃው 10 ነጥብ መሆኑን ስናስብ፣ የኃይል ሞዴሉ ያለው ክብደት ግልጽ ይሆናል።

ሊድ ንጽጽሩን የሚያካሂደው የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በአጭሩ አሽሬ፣ ባወጣው ደረጃ 90.1 ውስጥ በሚገኘው አባሪ ጂ መሠረት ነው። አባሪው መነሻ ሕንፃው ምን መምሰል እንዳለበት በዝርዝር ይደነግጋል። ቅርጹና ስፋቱ ከታቀደው ሕንፃ ጋር አንድ ነው። ግድግዳውና ጣሪያው ግን ደረጃው የሚጠይቀውን ያህል ብቻ ሙቀት ይከላከላሉ። ከመስኮቶቹ በላይ ምንም ዓይነት ጥላ አይኖርም። ሕንፃው በአራት አቅጣጫ፣ ማለትም እንዳለ፣ ከዚያም 90፣ 180 እና 270 ዲግሪ እየዞረ ይሰላና አማካዩ ይወሰዳል። ስለዚህ ሕንፃውን በጥሩ አቅጣጫ ያስቀመጠና ጥላ የሠራ አርክቴክት በዚህ በኩል ተገቢውን ዋጋ ያገኛል።

የመስታወቱ ስፋት ድንጋጌ ከጊዜ ወደ ጊዜ ተለውጧል። በቀደሙት ዕትሞች መነሻ ሕንፃው የታቀደውን ሕንፃ የመስታወት ስፋት እስከ 40 በመቶ ድረስ ይከተል ነበር። በዚህ አሠራር መስታወት የቀነሰ ዲዛይን መነሻውም አብሮ ስለሚቀንስ ምንም ጥቅም አያገኝም ነበር። ከ2016ቱ ዕትም ወዲህ ግን ስፋቱ በሕንፃው ዓይነት ተወስኗል፤ ለምሳሌ ለመካከለኛ ስፋት ቢሮ 31 በመቶ፣ ለትልቅ ቢሮ 40 በመቶ ነው። በዚሁ ዕትም የመነሻ ሕንፃው የጥራት ደረጃ በ2004ቱ ደረጃ አካባቢ እንዲረጋ ተደርጎ፣ ደንቡ እየጠበቀ ሲሄድ የሚለወጠው ሊደረስበት የሚገባው ግብ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ይህም በተለያዩ ዓመታት የተሠሩ ሕንፃዎችን ለማነጻጸር ረድቷል።

በሁለቱም ሕንፃዎች አንድ ዓይነት ሆነው የሚቆዩ ነገሮችም አሉ። የሰው ብዛት፣ የሥራ ሰዓት፣ የክፍል ሙቀት ልክና በሶኬት የሚሠሩ መሣሪያዎች በመሠረቱ እኩል ናቸው። ከዚህ የተነሣ ሞዴል ሠሪው የኮምፒውተሮችን ብዛት አሳንሶ ቢገምት ስሕተቱ በሁለቱም ወገን ይገባል። ንጽጽሩ ብዙም ላይናጋ ይችላል፤ የፍጆታው መጠን ግን የተሳሳተ ይሆናል። ሞዴሉ ለንጽጽር የተሠራ እንጂ ለትንበያ የተሠራ አይደለም የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ያልተገጠመው ማቀዝቀዣ

ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። አባሪ ጂ በታቀደው ሕንፃ ውስጥ የማቀዝቀዣ ሥርዓት ከሌለ ወይም በሰነዱ ካልቀረበ፣ በሞዴሉ ውስጥ ከመነሻ ሕንፃው ጋር ፍጹም አንድ የሆነ ማቀዝቀዣ እንዲገባለት ያዝዛል። ለማሞቂያም የተደነገገው ተመሳሳይ ነው። በመሆኑም ባለቤቱ ያልገዛው፣ መሐንዲሱ ያልነደፈው፣ ተጠቃሚውም የማያበራው መሣሪያ በስሌቱ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ኃይል ይበላል።

ጉዳዩን በቁጥር ለማየት ሁለት ቢሮዎችን እናስብ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ እንጂ ከልኬት የተገኙ አይደሉም። ሁለቱም ቢሮዎች በአዲስ አበባ የሚሠሩ፣ ስፋታቸው 4,000 ካሬ ሜትር የሆነና የሚጠቀሙት ኤሌክትሪክ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ታሪፍ ሲሰላ የወጪው ንጽጽር ከኃይሉ ንጽጽር ጋር አንድ ነው። መነሻ ሕንፃቸው በካሬ ሜትር በዓመት ለመብራት 45፣ ለመሣሪያዎች 35፣ ለአሳንሰርና ለውኃ ፓምፕ 10፣ ለሙቅ ውኃ 5፣ ለማሞቂያ፣ ለማቀዝቀዣና ለማራገቢያ 40፣ በድምሩ 135 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል እንበል።

የመጀመሪያው ቢሮ ጠባብ ወለል፣ የሚከፈቱ መስኮቶች፣ በሚገባ የተሠራ ጥላና ወፍራም ግድግዳ አለው፤ ማቀዝቀዣም ማሞቂያም አልተገጠመለትም። መብራቱን ወደ 30 ስላወረደ በቆጣሪው ላይ የሚታየው ፍጆታ 80 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እንደ እውነቱ ቢቆጠር ቁጠባው 41 በመቶ በሆነ ነበር። በደንቡ መሠረት ግን የመነሻ ሕንፃው ማቀዝቀዣና ማሞቂያ ይገባለታል። ጥላውና ግድግዳው የዚህን ምናባዊ መሣሪያ ፍጆታ ከ40 ወደ 25 ቢያወርዱት፣ ድምሩ 105፣ ቁጠባውም 22 በመቶ ይሆናል።

ሁለተኛው ቢሮ በታሸገ መስታወት የተሸፈነ ነው። መብራቱም መሣሪያውም ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው። ሰፊው መስታወት የሚያስገባው ሙቀት ብዙ ቢሆንም፣ ባለቤቱ ከመነሻው እጅግ የተሻለ ማቀዝቀዣ ስለገዛ ለዚህ ክፍል የሚውለው ኃይል 22 ሆነ። ድምሩ 102፣ ቁጠባው 24 በመቶ ነው። እንግዲህ በማረጋገጫው ሚዛን ሁለተኛው ቢሮ ከመጀመሪያው በልጦ ተገኘ። በቆጣሪው ሚዛን ግን ሁለተኛው በዓመት 408,000 ኪሎዋት ሰዓት ሲጠቀም፣ የመጀመሪያው የሚጠቀመው 320,000 ብቻ ነው። 88,000 ኪሎዋት ሰዓት ተጨማሪ የሚበላው ሕንፃ የተሻለ ነጥብ አገኘ ማለት ነው።

የዚህ ውጤት ምክንያት የስሌት ስሕተት አይደለም። ለመጀመሪያው ቢሮ የገባለት ምናባዊ መሣሪያ የመነሻውን ዝቅተኛ ብቃት ይዞ የገባ ነው። መሣሪያ የገዛ የመሣሪያውን ብቃት ያስቆጥራል፤ መሣሪያ ያልገዛ ግን የሚያስቆጥረው ብቃት የለውም። ማቀዝቀዣ ያለማስፈለጉን ጥቅም የሚመዘግብ ዓምድ በሠንጠረዡ ውስጥ አልተዘጋጀም።

ደንቡ ለምን እንዲህ ሆነ?

ደንቡን በችኮላ መኮነን ግን ተገቢ አይሆንም፤ ሁለት ጠንካራ ምክንያቶች አሉት። አንደኛው፣ ማቀዝቀዣ ያልተጻፈበት ሰነድ ማቀዝቀዣ የማይኖርበት ሕንፃ ማለት አይደለም። አልሚው ማቀዝቀዣውን ከሰነዱ አውጥቶ ከፍተኛ ነጥብ ካገኘ በኋላ፣ ተከራዩ በዓመቱ በየመስኮቱ ሥር ማቀዝቀዣ ሊሰቅል ይችላል። በከተማችን የቢሮ ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ በየቦታው የተንጠለጠሉት የማቀዝቀዣ ሣጥኖች ይህ ሥጋት መሠረት እንዳለው ያሳያሉ። ሁለተኛው፣ ሁለት ሕንፃዎች የሚነጻጸሩት ተመሳሳይ አገልግሎት ሲሰጡ ነው። ሠራተኞቹ በሙቀት የሚሰቃዩበት ሕንፃ ኃይል ባለመጠቀሙ ብቻ ቆጣቢ ሊባል አይገባም።

በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን የተዘጋጀውና በታዳጊ አገሮች ላይ ያተኮረው ኤጅ የተባለ ሥርዓት ይህንኑ ችግር በሌላ መንገድ ይይዘዋል። ኤጅ ለማረጋገጫ ቢያንስ 20 በመቶ የኃይል ቁጠባ ይጠይቃል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ሕንፃ ውስጥ ለምቾት ያስፈልግ የነበረውን ኃይል «ምናባዊ ኃይል» ብሎ ለይቶ ያሰላል፤ ይህም ነዋሪው ወደፊት መሣሪያ ይገጥማል ከሚል ግምት የመጣ ነው። ምናባዊው ኃይል በሚጠበቀው የመብራት ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ በጥላ፣ በሙቀት መከላከያና በአየር ዝውውር ሲቀንስ ግን እንደ ቁጠባ ይቆጠራል። የዚህ አቀራረብ ጥቅም እውነተኛውንና የታሰበውን ኃይል ሳይቀላቅል ጎን ለጎን ማሳየቱ ነው።

ምቾትን በማስረጃ ማሳየት

ደንቡ በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። በሊድ ሥርዓት ውስጥ ከመደበኛው ስሌት ውጭ የሆነ ልዩ ስሌት አቅርቦ ማስወሰን ይቻላል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ዲዛይነር፣ በየትኞቹ ሰዓታት የሚከፈት መስኮት ብቻውን ምቾት እንደሚሰጥ በሰዓት በሰዓት ያሳያል፤ ምናባዊው ማቀዝቀዣም የሚቆጠርበት በቀሩት ሰዓታት ብቻ ይሆናል። ይህ ተጨማሪ ሥራ፣ ተጨማሪ ጊዜና በገምጋሚው ፊት ተጨማሪ ክርክር ይጠይቃል። ለደጋ ከተማ ሕንፃ ግን ድካሙን የሚክስ ነው።

የምቾቱን ማስረጃ ለማቅረብ የሚያገለግለው የአሽሬ ደረጃ 55 «ተለማማጅ የምቾት ሞዴል» ነው። ሞዴሉ መስኮት በሚከፈትባቸውና ማቀዝቀዣ በሌለባቸው ሕንፃዎች ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች የሚመቻቸው ሙቀት ከውጭው ሙቀት ጋር አብሮ እንደሚለዋወጥ በተረጋገጠ የመስክ ጥናት ላይ የተመሠረተ ነው። ስሌቱም ቀላል ነው፦ የሰሞኑን የውጭ አማካይ ሙቀት በ0.31 አባዝቶ 17.8 መደመር። በዚህ በተገኘው ሙቀት ላይና ታች እስከ 3.5 ዲግሪ ያለው ክልል 80 በመቶው ሰው የሚቀበለው ነው ተብሎ ይወሰዳል። የውጭው አማካይ 16 ዲግሪ በሆነበት ሰሞን፣ የሚመቸው ሙቀት ወደ 22.8፣ ክልሉም በግምት ከ19.3 እስከ 26.3 ዲግሪ ሴልሲየስ ይሆናል ማለት ነው። ጥላ ያለውና ወፍራም ግድግዳ ያለው ቢሮ በሥራ ሰዓት በዚህ ክልል ውስጥ የሚቆይባቸውን ሰዓታት ቆጥሮ ማቅረብ ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የሚከብድ ሥራ አይደለም። በክልሉ የታችኛው ጠርዝ በኩል ያለውን፣ ማለትም የማለዳውን ብርድ፣ አብሮ መቁጠር ግን አይዘነጋም፤ የደጋ ሕንፃ ችግር ሙቀት ብቻ አይደለምና።

ያለ መደበኛ ማቀዝቀዣ ትልቅ ቢሮ ማሠራት የሚቻል ስለ መሆኑ በአፍሪካ ደጋ ላይ የቆየ ምስክር አለ። በሐራሬ የሚገኘውና በአርክቴክት ሚክ ፒርስ የተነደፈው የኢስትጌት ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጠናቆ ሥራ ጀምሯል። ሕንፃው የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር በማራገቢያ እየሳበ የኮንክሪት አካሉን ያቀዘቅዛል፤ በቀን ደግሞ ያንኑ ቅዝቃዜ ይጠቀማል። በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ሰፊ መሆኑ ለዚህ ዘዴ መሠረት ነው። አዲስ አበባም በደረቁ ወራት ይህ ልዩነት አላት።

ሞዴልና ቆጣሪ

የንጽጽር ሞዴል ትንበያ አለመሆኑ በልኬት ታይቷል። ኒው ቢልዲንግስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት 121 የሊድ ማረጋገጫ ያላቸውን ሕንፃዎች መርምሮ፣ በመካከለኛ ዋጋ ሲታይ ከአገሪቱ የንግድ ሕንፃዎች አማካይ 24 በመቶ ያነሰ ኃይል እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። ሆኖም በየሕንፃው የተሰላውና የተለካው ፍጆታ እጅግ የተራራቀ ነበር። ኒውሻም፣ ማንቺኒ እና በርት በ2009 የመቶ ሕንፃዎችን መረጃ እንደገና ሲመረምሩ፣ ሕንፃዎቹ በካሬ ሜትር በአማካይ ከ18 እስከ 39 በመቶ ያነሰ ኃይል ቢጠቀሙም፣ ከ28 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ግን ከተመሳሳይ መደበኛ ሕንፃ የበለጠ እንደሚጠቀሙ አረጋገጡ። በዲዛይን ጊዜ የተገኘው የኃይል ነጥብና በቆጣሪ የታየው ፍጆታ የነበራቸው ዝምድና ደካማ ነበር። በዚያው ዓመት ስኮፊልድ እያንዳንዱን ሕንፃ በስፋቱ መዝኖ ካሰላ በኋላ ቁጠባ አለ ማለት አይቻልም ሲል ተከራክሯል። ሦስቱ ጥናቶች በአማካዩ ላይ ባይስማሙም፣ የአንድን ሕንፃ ፍጆታ ከነጥቡ መተንበይ እንደማይቻል በአንድነት ያሳያሉ።

አውስትራሊያ ሌላ መንገድ መርጣለች። በኒው ሳውዝ ዌልስ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረውና በኋላ ናበርስ የተባለው ሥርዓት ኮከብ የሚሰጠው የ12 ወር የቆጣሪ ንባብን አይቶ ነው። አልሚው ገና ከግንባታ በፊት የተወሰነ ኮከብ ለማግኘት በውል ሊገባ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ሞዴሉ የሚሠራው ከምናባዊ ሕንፃ ጋር ለመነጻጸር ሳይሆን ቆጣሪው የሚያነበውን ቀድሞ ለማወቅ ነው። መሣሪያው አንድ ሲሆን ጥያቄው ተለወጠ፤ ጥያቄው ሲለወጥም ለሰዓት ሠሌዳው፣ ለመሣሪያ ብዛትና ለቁጥጥር ሥርዓቱ የሚሰጠው ጥንቃቄ ተለወጠ።

ካርቦንና ጀነሬተር

የሊድ 4.1 ዕትም ከወጪ ወይም ከምንጭ ኃይል ንጽጽር ጎን ለጎን የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀትን መመዘኛ አድርጎ አስገብቷል። ይህ በኢትዮጵያ ልዩ ትርጉም አለው። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ፣ ከዋናው መስመር የሚቀዳ አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚያስከትለው ልቀት በጣም ትንሽ ነው። የልቀቱ ምንጭ ሌላ ቦታ ነው፦ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ናፍጣ ጀነሬተር። የማረጋገጫ ሞዴል ግን መስመሩ በ8,760ውም ሰዓት ኃይል እንዳለው አድርጎ ያሰላል።

የመጀመሪያውን ቢሮ እንደገና እንውሰድና ከ320,000 ኪሎዋት ሰዓት ውስጥ 5 በመቶው፣ ማለትም 16,000፣ በጀነሬተር ይሸፈናል እንበል። ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ቢገኝ ወደ 5,300 ሊትር ይቃጠላል። አንድ ሊትር ሲቃጠል በግምት 2.7 ኪሎግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ፣ ድምሩ በዓመት 14 ቶን ይሆናል። መስኮቱን ከፍቶ የሚሠራ ቢሮ መብራት ሲጠፋም የሥራ ቦታነቱን አያጣም፤ የታሸገው የመስታወት ቢሮ ግን ለአየሩ ጭምር ጀነሬተር ማስነሣት አለበት። ይህ ልዩነት በንጽጽር ሞዴሉ ውስጥ የትም አይታይም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተብራራው የኃይል ሞዴል ከንቱ ነው የሚል ድምዳሜ አያስከትልም። የሚያስከትለው፣ አንድ ሞዴል የሚመልሰው የተጠየቀውን ጥያቄ ብቻ መሆኑን ነው። በዚህ መስክ ጥናት የሚያካሂዱ ተማሪዎችም ውጤታቸውን በአንድ መቶኛ ብቻ ከማቅረብ ይልቅ አራት ነገሮችን ለይተው ቢያሳዩ ጥናታቸው ለአገሩ ይበልጥ የሚጠቅም ይሆናል።

አንደኛ፣ ከመነሻ ሕንፃው አንጻር የተገኘውን ቁጠባ በየትኛው ደረጃና ዕትም እንደተሰላ ጨምረው ያቅርቡ። ሁለተኛ፣ በካሬ ሜትር በዓመት የሚጠበቀውን ፍጆታ ምናባዊው መሣሪያ ሲገባና ሲወጣ ለየብቻ ያስቀምጡ። ሦስተኛ፣ ያለ ማቀዝቀዣ በምቾት ክልሉ ውስጥ የሚያልፉትን የሥራ ሰዓታት ከነሙቀቱም ከነብርዱም ይቁጠሩ። አራተኛ፣ ሕንፃው ሥራ ከጀመረ በኋላ ሞዴሉን ከቆጣሪው ጋር ያስተያዩ። ለዚህም የአሽሬ መመሪያ 14 የተለመደ መለኪያ ይሰጣል፤ በወር ንባብ ሲመዘን አማካይ ዝንባሌው ከ5 በመቶ፣ የስሕተቱ ስርጭት ደግሞ ከ15 በመቶ ያልበለጠ ሞዴል እንደተስተካከለ ይቆጠራል።

ከአራቱ በአገራችን ሁኔታ ቀዳሚ ትኩረት የሚያሻው ሁለተኛው ነው፤ ምንም ተጨማሪ ወጪ የማይጠይቅም እሱ ነው። ሞዴሉ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ምናባዊውን ማቀዝቀዣ አውጥቶ እንደገና ማስላት የደቂቃዎች ሥራ ነው። በምሳሌአችን በ105 እና በ80 መካከል ያለው ልዩነት አርክቴክቱ በጥላ፣ በግድግዳና በመስኮት ያተረፈው ነው። ቁጥሩ በማረጋገጫው ላይ ባይጻፍ እንኳ በጥናቱ ውስጥ ተጽፎ መገኘት አለበት።